የልጆቻችን መዝገብ በማን እጅ ነው?

እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የአንድ ተማሪ ታሪክ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በካርቶን ማኅደር ታስሮ ነበር። የልደት ዘመኑ፣ የወላጆቹ ስምና አድራሻ፣ የየሴሚስተሩ ውጤት፣ አልፎ አልፎም ስለ ጠባዩ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በአንድነት ተጠርዞ ይቀመጣል። ቁልፉ ያለው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እጅ ነው። ያን ማኅደር ለማየት የፈለገ ሰው በግቢው በር ማለፍ፣ ርዕሰ መምህሩን ማስፈቀድ፣ ሠራተኛዋንም ደጅ መጥናት ነበረበት። አይጥና እርጥበት ያጠፉት ሰነድ ጥቂት አይደለም፤ ይህም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ልጅ በአራተኛ ክፍል ሳለ መስኮት የሰበረበት ታሪክ፣ አድጎ ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ ቀድሞት በቀጣሪው ጠረጴዛ ላይ አይገኝም ነበር።

ዛሬ ይህ መዝገብ ከቁም ሣጥኑ ወጥቷል። ስም መጥሪያው፣ ማርክ ሊስቱ፣ የቤት ሥራው፣ የወላጅ ጥሪው፣ የክፍያ ደረሰኙ ጭምር በስልክና በኮምፒዩተር መተላለፍ ከጀመረ ውሎ አድሯል። ጉዳዩን ላይ ላዩን የሚመለከት ሰው ወረቀቱ በመስታወት ተተካ እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ ሊል ይችላል። የመጠን ለውጥ በአንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የዓይነት ለውጥ እንደሚያስከትል ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ ይታያል። ወረቀቱ የሚይዘው መምህሩ አስቦ የጻፈበትን ብቻ ነበር። መሣሪያው ማንም ጻፍ ሳይለው ይጽፋል፤ ልጁ በስንት ሰዓት እንደከፈተው፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ ምን ያህል እንደቆየ፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደሚጠቀም፣ አንዳንድ ጊዜም በከተማው ውስጥ የት ቦታ ላይ እንዳለ ይመዘግባል። የካርቶኑ ማኅደር ሲሰረቅ ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ይታወቃል። የኮምፒዩተሩ መዝገብ ሲሰረቅ ግን ዋናው በቦታው ስለሚቀር ባለቤቱ ለወራት ላያውቅ ይችላል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ይፈልገዋል? የስምንት ዓመት ሕፃን በማካፈል ስሌት ላይ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ማወቁ ከመምህሩና ከወላጁ በቀር ለማን ይጠቅማል? ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱን ለማግኘት ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ ገበያውን መመልከት ያስፈልጋል። በዘመናችን የኢንተርኔት ማስታወቂያ ንግድ የሚሸጠው ሸቀጥ ሰዎች ነገ ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደሚገዙ የሚገልጽ ግምት ነው። የዚህ ሸቀጥ ጥሬ ዕቃ የሰዎች የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ዝርዝር ሲሆን፣ ከሁሉም ይልቅ የሚፈለገው የልጆች ነው፤ ልጅ ገና ብዙ ዘመን ይገዛልና። ጥሬ ቡናችን በርካሽ ተጭኖ፣ በባዕድ አገር ተቆልቶና ታሽጎ በውድ እንደሚሸጥ የምናውቅ ሰዎች ይህን ንግድ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። እንዲያውም ቡናው ይሻላል፤ ሲወጣ በሚዛን ይመዘናል፣ ደረሰኝም ይቆረጥለታል።

የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ወቅት መንግሥታት ለልጆች ያጸደቋቸውን የመማሪያ ፕሮግራሞች ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ምርመራው 49 አገሮችን የሸፈነ ሲሆን፣ ከታዩት ከ160 የሚበልጡ ፕሮግራሞች መካከል 89 በመቶ ያህሉ የልጆችን መብት የሚጥሱ ወይም ለአደጋ የሚያጋልጡ ሆነው ተገኝተዋል። ብዙዎቹ የልጆቹን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች መረጃ የሚያቀብሉ ነበሩ። ልብ ይባል፤ እነዚህ በየመንደሩ በስውር የሚሸጡ ፕሮግራሞች አልነበሩም። መንግሥታት ራሳቸው ተጠቀሙባቸው ብለው ለሕዝባቸው ያቀረቧቸው ናቸው።

በዚህ ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት ሥርዓቱን በዋጋ ይገዛል፤ ውል ይፈርማል፤ ጠበቃም ያማክራል። የሠራተኛው ልጅ የሚማርበት፣ ጠመኔና የተማሪ ወንበር እንኳ የሚያጥረው ትምህርት ቤት ግን በነፃ የሚገኘውን ይወስዳል። ነፃ የተባለው መሣሪያ ሠራተኞች አሉት፤ ኮምፒዩተሮቹ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ባለአክሲዮኖቹም ትርፍ ይጠብቃሉ። ወጪው ከአንድ ቦታ መሸፈን አለበት። በየቦታው እንደሚታየው ሁሉ እዚህም ላይ ድሃው በገንዘብ ያልከፈለውን በሌላ ነገር ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ገና ማንበብ በሚለማመድ ልጁ ስም ነው።

ኩባንያዎቹ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ተጠቃሚው ተስማምቷል» ይላሉ። በእኛ አመለካከት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ስለሆነ በእርሷ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል።

በሰሜን ስዊድን ሼሌፍቴዮ በምትባል ከተማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ነገር ሞከረ። ስም መጥራት የመምህራንን ጊዜ ይፈጃል በማለት፣ ፊትን ለይቶ የሚያውቅ ካሜራ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ተከለ። ሙከራው 22 ተማሪዎችን የሚመለከትና ለሦስት ሳምንት ብቻ የቆየ ነበር። የተማሪዎቹም ስምምነት ተጠይቆ ተገኝቷል። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በማዘጋጃ ቤቱ ላይ የ200,000 ክሮና ቅጣት ጣለ። ምክንያቱ ለሁላችንም ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ሥልጣን ሥር ያለ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የኃይል ሚዛን የለም፤ ስለሆነም የተሰጠው ስምምነት እንደ ስምምነት ሊቆጠር አይችልም አለ። በዚህ ረገድ የስዊድኑ መሥሪያ ቤት ያገኘውን እውነት ማንኛውም የፋብሪካ ሠራተኛ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። በር ላይ ሥራ ፈላጊ በተሰለፈበት ፋብሪካ የሚፈረም የቅጥር ውል በነፃ ፈቃድ የተፈረመ ነው ቢባል ማን ያምናል?

በእኛም አገር በምዝገባ ቀን የሚታየው ከዚህ አይለይም። እናት ከሥራዋ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምና መጥታለች፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ቅጽ ይሰጣታል፤ ስልክ ቁጥሯን፣ የመኖሪያ አካባቢዋን፣ ሥራዋን፣ የልጅዋን ፎቶግራፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ሃይማኖትና የጤና ሁኔታ ትሞላለች። ይህን ለምን ትፈልጉታላችሁ ብላ ብትጠይቅ የተከበረች ዜጋ በሆነች ነበር። ነገር ግን ከኋላዋ ያለው ሰው «እባክሽ ቶሎ በይ» ይላታል፤ መዝጋቢውም ፊቱን ያጠቁራል፤ እርሷም ልጄን ጥርስ ውስጥ አስገባሁበት ብላ ትፈራለች። ትፈርማለች። በስልኳ ላይ የመማሪያውን መተግበሪያ ስትጭንም እንዲሁ ናት፤ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ብዙ ገጽ ያለው ውል ይመጣል፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ። ካልተጫነ የቤት ሥራው አይከፈትም። ይህን የመሰለውን ነገር ስምምነት ብሎ መጥራት በቋንቋ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ በወላጁ ፈንታ ፈቃድ ሰጪ የሚሆንበት አሠራርም አለ። ኤድሞዶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ አገሮች መምህራን ዘንድ የታወቀ የመማሪያ መድረክ ነበር። የአገሪቱ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ኩባንያው ይህን ግዴታ በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ትከሻ ላይ ጥሎ የልጆቹን መረጃ ለማስታወቂያ ይጠቀምበት እንደነበር የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ክስ አቀረበ፤ 6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትም ተወሰነ። ኩባንያው ግን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሥራውን አቁሞ ስለነበረና የመክፈል አቅም የለውም ስለተባለ ክፍያው ታገደ። ምስኪኑ መምህር የቤት ሥራ ለመስጠት ብሎ ሲመዘግብ፣ ሳያውቀው የሕግ ኃላፊነት ተሸካሚ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት መረጃው በግል ኩባንያ እጅ ካልገባና በመንግሥት እጅ ከሆነ ችግር የለም የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የብሪታንያ የትምህርት ሚኒስቴር የ28 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ታሪክ የያዘ የመረጃ ቋት አለው። ዓላማው ተማሪው ያገኘውን የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደተጋለጠው ግን ሚኒስቴሩ የመግቢያ ፈቃድ ከሰጣቸው ድርጅቶች አንዱ ይህን ቋት ለሌላ ንግድ አዋለው፤ ቁማር የሚያጫውቱ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው 18 ዓመት የሞላቸው መሆናቸውን ለማጣራት የተማሪዎቹ መዝገብ አገልግሏቸዋል። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር በ2022 እ.ኤ.አ. ሚኒስቴሩን በጽሑፍ ገሠጸ፤ ቅጣቱ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይሆን እንደነበርም አመለከተ፤ ነገር ግን የመንግሥትን ገንዘብ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪስ መክተት ትርጉም የለውም በማለት አልቀጣም። ፈተና ለማለፍ ደፋ ቀና ያለ ልጅ ስሙ በቁማር ቤት መዝገብ ማጣሪያ ሆኖ መገኘቱን ከጋዜጣ ነው የተረዳው።

የመዝገቡ ዕድሜ ሌላው አሳሳቢ ነገር ነው። ፓወርስኩል የተባለው ኩባንያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች በእኔ ሥርዓት ይገለገላሉ ይል ነበር። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሰርጎ ገብ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ገብቶ በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ የብዙ ትምህርት ቤቶችን መዝገብ ቀዳ። የቶሮንቶ ትምህርት ቦርድ ጉዳዩን ሲያጣራ፣ ሊወሰድ የቻለው መረጃ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተማሩትን ሁሉ የሚመለከት መሆኑን አስታወቀ። በ1985 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ የልጅነት መዝገቡ አርባ ዓመት ሙሉ ለምን እንደተቀመጠ የጠየቀ አልነበረም። ኩባንያው ለሌባው ቤዛ ከፈለ፤ መረጃው ተደምስሷል የሚል ማረጋገጫም ተሰጠው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ትምህርት ቤቶቹ በዚያው መረጃ እየተስፈራሩ ሌላ ገንዘብ ተጠየቁ። ወንጀሉን መፈጸሙን ያመነው የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ሲሆን፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ላይ በደረሰ ተመሳሳይ ጥቃት ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎች የሥነ ልቡና ምርመራ ሰነድ በአደባባይ ተበትኗል። አንድ ልጅ ለሐኪም በምስጢር የነገረው ነገር ከተበተነ በኋላ ምን ካሣ ይመልሰዋል?

ወደ ራሳችን እንመለስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአገራችን 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆኑ። ለብዙኃኑ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲሞከር፣ በከተሞች ቴሌግራም የመምህርና የወላጅ መገናኛ ሆነ። መምህራን በገዛ ስልካቸው፣ በገዛ ካርዳቸው የቤት ሥራ እየላኩ ልጆቹ ከትምህርት እንዳይርቁ ያደረጉት ጥረት የሚመሰገን ነው። ወረርሽኙ አለፈ፤ ቡድኑ ግን ቀረ። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ሃምሳና ስልሳ ወላጆች የሚገኙበት ቡድን አለ። በዚህ ቡድን ውስጥ ምን እንደሚለጠፍ እስቲ እናስተውል። የማርክ ሊስቱ ፎቶግራፍ ከነደረጃው ይለጠፋል፤ አንደኛ የወጣው ይመሰገናል፤ መጨረሻ የወጣውም ስሙ እዚያው ነው። ክፍያ ያላጠናቀቁ ተብሎ የልጆች ስም ይዘረዘራል። የወላጆች ቀን ሲከበር ልጆቹ የትምህርት ቤቱ ስም የተጠለፈበትን ዩኒፎርም ለብሰው፣ ከነሙሉ ስማቸው ፎቶግራፋቸው ይወጣል። አንዷ እናት ልጄ የሚጥል በሽታ ስላለበት መድኃኒቱን ይውሰድልኝ ብላ ለመምህሩ ለብቻው ልትጽፍ የፈለገችውን ተሳስታ ለሁሉም ትጽፋለች፤ ሳታጠፋው ሃያ ሰው አንብቦታል። በማግስቱ ልጁ ወንበር የሚጋራው ያጣል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አባቶቻችን ስልክን አያውቁም ነበር፤ የስልክ ወለምታ ከዚያ ይብሳል፤ ይባዛልና።

ነገሩ ከሐፍረትም ሊያልፍ ይችላል። ከሚደበድባት ባሏ ልጅዋን ይዛ ሸሽታ በሌላ ሰፈር ተጠግታ የምትኖር ሴት እናስብ። በየማኅበሩና በየእድሩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። ልጅዋ በዩኒፎርም የተነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከቡድን ወደ ቡድን ተላልፎ ሰውዬው ዘንድ ቢደርስ፣ የትምህርት ቤቱ በር እስከ ምን ድረስ ይከላከልላታል? ቡድኑ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሊጠብቀው አይችልም። መምህሩ ሲዛወር የልጆቹ ፎቶግራፍና የወላጆቹ ስልክ ቁጥር በኪሱ ይዞት ይሄዳል፤ ስልኩን በመርካቶ ቢሸጠውም አብሮ ይሸጣል። ይህን የምንለው መምህሩን ለመክሰስ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ሥራ በግል ስልክ እንዲሠራ የተገደደ ሰው ነው።

በላይኛው ደረጃም ሥራው በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከተባለው የውጭ ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችንና የ750,000 መምህራንን መዝገብ በ3,500 ትምህርት ቤቶች ብሎክቼይን በሚባለው ዘዴ ለመያዝ መስማማቱ ተነግሮ ነበር። የዘዴው ዋና ሙገሳ አንድ ጊዜ የሰፈረ ነገር ሊነካና ሊለወጥ አይችልም የሚል ነው። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ስንት ባለሙያ ነን ባዮችን እንዳስቀመጠብን ስናስብ ጥቅሙ ይታየናል። በሌላ በኩል፣ በስሕተት ስለ አንድ ልጅ የሰፈረ ነገርስ እንዴት ይታረማል? ልጁስ ሲያድግ ይሰረዝልኝ የማለት መብቱ የት ይደርሳል? ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ውጤትም በድረ ገጽና በቴሌግራም ይታያል።

ሕግ የለም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት አስፍሯል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16 የሕፃኑ የግል ሕይወት ያለ አግባብ እንዳይደፈር ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠየቅና እንዳይቆይ ይደነግጋል፤ የመቆጣጠሩንም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ ወርዶ በራሱ እግር ወደ ትምህርት ቤት ግቢ አይገባም። ባለሥልጣኑ በየክፍሉ ቡድን ውስጥ አይቀመጥም። ወደ ግቢው የሚያስገባው በዚያ ግቢ ልጅ ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ መሣሪያው ይቅር የሚል ሐሳብ እንዳለን ተደርጎ እንዳይወሰድብን እንፈልጋለን። ስልሳና ሰባ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ውጤት ሲደምር ሌሊቱን ያነጋ የነበረው ዛሬ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። መጽሐፍ ያልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ታብሌት ብዙ መጻሕፍት ሊያገኝ ይችላል። ማየት የተሳነው ተማሪ ጽሑፉ በድምፅ ይነበብለታል። መሣሪያውን የሚጠላ ሰው ልጆቻችንን የበለጠ ወደ ኋላ ያስቀራቸዋል። የሚያጨቃጭቀው ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ነው።

ተራ ወላጆች በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንብሉም የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ተቋቋመ። 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ ከጌትስና ከካርኔጊ ፋውንዴሽኖች ተመድቦለት ነበር። ዓላማው የተለያዩ ክፍለ ግዛቶችን ተማሪዎች መዝገብ በአንድ ቋት ማጠራቀም ሲሆን፣ ስለ አንድ ልጅ ሊመዘገቡ የሚችሉት ዝርዝሮች ከ400 በላይ ነበሩ፤ የጤና ጉድለትና የቅጣት ታሪክ ሳይቀር። ወላጆች ይህን ሲያውቁ በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጠሩ፤ አቤቱታ ጻፉ፤ የሕዝብ ተወካዮቻቸውን አስጨነቁ። ክፍለ ግዛቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። በ2014 የኒው ዮርክ ምክር ቤት በሕግ ከለከለ፤ በሚያዝያ ወር ድርጅቱ ተዘጋ። ያን ያህል ገንዘብ የታጠቀ ድርጅት ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙም አላለፈም። ድር ቢያብር ይባል የለም?

ሁለተኛው በዴንማርክ ሔልሲንጎር ከተማ የሆነው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ አባት ትምህርት ቤቱ ለልጁ ሳያሳውቀው የጉግል መጠቀሚያ እንደከፈተለትና ልጁ በሙሉ ስሙ በዩቲዩብ ላይ እንደታየ ደረሰበት። ከተማው ከሁሉ አስቀድሞ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው አጥንቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ አላጠናም። አባትየው አቤቱታውን አልተወም። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2022 የጉግል መሣሪያዎች በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች እንዳይሠሩ አገደ። እገዳው ብዙም ሳይቆይ ለጊዜው ቢነሣም ጉዳዩ አልተዘጋም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ባለሥልጣኑ 53 ማዘጋጃ ቤቶች የተማሪዎቻቸውን መረጃ ለኩባንያው የሚያስተላልፉበትን አሠራር ከሕግ ጋር እንዲያስማሙ አዘዘ። ዴንማርክ ጠንካራ ሕግና ጠንካራ መሥሪያ ቤት ያላት አገር ናት፤ ቢሆንም ጉዳዩ እስኪነሣ ድረስ አንድ ሰው አምስት ዓመት ደጅ መጥናት ነበረበት። ብቻውን ባይሆን ኖሮ ምን ያህል ያጥር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በእኛ ትምህርት ቤቶች የወላጅና የመምህር ኅብረት አለ። በብዙ ቦታ የሚጠራው አጥር ሲፈርስና መዋጮ ሲፈለግ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ የአጥሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ከወላጆቹ አንዱ ብድግ ብሎ ትምህርት ቤታችን የሚጠቀምበት መተግበሪያ የማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ስለ ልጆቻችን ምን ይመዘግባል? የሚቀመጠውስ የት ነው? ውሉን የፈረመው ማን ነው፣ በአማርኛስ ወይም በምናውቀው ቋንቋ ልናየው እንችላለን? ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ወይም መሸኛ ወስዶ ሲሄድ መዝገቡ ምን ይሆናል? ሃይማኖትና ሕመም በምዝገባ ቅጹ ላይ የሚጠየቁት ለየትኛው ሥራ ነው? ካልተፈለጉ ይውጡ። የማርክ ሊስት ፎቶግራፍ በቡድን ላይ መለጠፉ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቁም፤ ይህ ሕግም ባጀትም አይፈልግም፤ ለየወላጁ የልጁን ውጤት ለብቻ መላክ ይቻላል። ለክፍል ኃላፊዎች የትምህርት ቤቱ የሆነ ስልክ ይገዛ፤ መዋጮ ካስፈለገ ከአጥሩ ባልተናነሰ ያስፈልጋልና። ቡድኑም የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ይዘጋ።

ርዕሰ መምህሩ አላውቅም ካሉ አላውቅም ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ይስፈር፤ ብዙዎቹ እውነትም አይነገራቸውም። መልሱን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ግልባጩም በኅብረቱ ማኅደር ይቀመጥ። ጽሕፈት ቤቱ ዝም ካለ፣ ያው ደብዳቤ ከነቃለ ጉባኤው ቅጂ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ይላካል። የአንድ እናት ስም ብቻ ያለበት ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ የሦስት መቶ ወላጆች ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ መዝገብ ቤቱ ሳይመዘግብ አያልፈውም።